«የዘር በሽታ ነው» ከመባሉ በፊት፦ ከማን ጋር ተነጻጽሮ?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ኢንቦክስ ላይ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ይለያይ እንጂ ይዘቱ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ የእጮኛዬ አባት እግራቸው ላይ ዝሆኔ አለባቸው። ቤተሰብ ‹በዘር የሚተላለፍ ነው፣ ይቅርብሽ› እያለኝ ነው። እኔም ጎግል ሳደርግ ‹ዘረመሉ ተገኘ› የሚል አየሁ። እውነት ነው እንዴ?»

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ከበሽታው ጋር የሚያያዝ ዘረመል ተገኝቷል። ሠርግ የሚያስቀር ነገር ግን አልተገኘም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለመረዳት ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ማየት ግድ ነው። እኛ ሐኪሞችም ብንሆን የጥናት ጽሑፍ ስናገኝ መደምደሚያዋን አንብበን የማለፍ ልማድ አለን። በዘረመል ጉዳይ ይሄ ልማድ ሰው ይጎዳል ብዬ ነው የማምነው። ለምን? የዘረመል ምርምር ዋጋው የሚወሰነው በማሽኑና በኮምፒውተሩ ሳይሆን፣ ገና ደም ሳይቀዳ «ማንን ከማን ጋር ነው የምናነጻጽረው?» ተብሎ በሚወሰነው ውሳኔ ስለሆነ ነው።

እስቲ መጀመሪያ በሽታውን በአጭሩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በእኛ ደጋ የምናየው ዝሆኔ ቆላ ላይ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ተላላፊ አይደለም። ቫይረስ የለውም፣ ትል የለውም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገቡ የሊምፍ መስመሮችን ያስቆጣሉ፣ ከዚያ እግር ያብጣል። አፈሩን ተጠያቂ ያደረገው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የቤት ለቤት ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 3.3 በመቶው ይሄ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በአገር ደረጃ ደግሞ ግምቱ 1.5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነው። ቀላል ቁጥር አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ መሬት ያርሳሉ፣ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው። የአንዱ እግር ያብጣል፣ የሌላው ሰባ ዓመት አፈር ረግጦ ምንም አይሆንም። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት በሽታው ያለባቸውን ቤተሰቦች የዘር ሐረግ ተከትሎ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን፣ «የመወረስ መጠኑ» ደግሞ 63 በመቶ መሆኑን አሰላ። 63 በመቶ! ይሄ ቁጥር ነው ሰው ዘንድ ሲደርስ «ከወለድሽለት ከ100 ልጆች 63ቱ ይታመማሉ» ተብሎ የሚተረጎመው።

እንደዚያ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አንድ ሕፃን ዕድል ሳይሆን፣ በዚያ ሕዝብ ውስጥ፣ በዚያ የኑሮ ሁኔታ፣ በሰዎች መካከል ከታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር ጋር እንደሚያያዝ ነው። የኑሮው ሁኔታ ምን ነበር? ባዶ እግር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግ ሕዝብ ውስጥ ያንኑ ጥናት ብንደግመው የሚታመም ሰው ስለማይኖር የሚሰላም ነገር አይኖርም። ሌላም አለ። ወንድማማቾች የሚጋሩት ዘር ብቻ ነው እንዴ? አንድ ማሳ ይጋራሉ፣ አንድ ድህነት ይጋራሉ፣ አንድ ጥንድ ጫማ እንኳ ሊጋሩ ይችላሉ። በቤተሰብ ላይ ብቻ የተመሠረተ ስሌት አፈሩንና ዘሩን ጥርት አድርጎ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ዘረመሉን ራሱን ማየት ያስፈልግ ነበር።

ታዲያ እንዴት ይታይ? ቀላሉን መንገድ እናስብ። ከጎጃም ገጠር 200 የዝሆኔ ታማሚዎች ደም እንውሰድ፣ ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከአዲስ አበባ 200 ጤነኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ተማሪ በቀላሉ ይገኛል፣ ትራንስፖርቱም ርካሽ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ እናስገባው። ውጤት ይመጣል? በደንብ ነው የሚመጣው! በመቶዎች የሚቆጠሩ «የዝሆኔ ዘረመሎች» ልናገኝ እንችላለን። ብዙዎቹ ግን ከበሽታው ጋር ምንም ግንኙነት አይኖራቸውም፤ የሚነግሩን ሁለቱ ቡድኖች አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከተለያየ አካባቢ መምጣታቸውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ተማሪዎቹ ጫማ አድርገው ነው ያደጉት። ውስጣቸው ለበሽታው የተጋለጠ ዘረመል ቢኖር እንኳ አፈሩ ስላልነካቸው «ጤነኛ» ተብለው ተቆጥረዋል። ንጽጽሩ ከሁለት በኩል ተበላሸ ማለት ነው። ይሄን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አያቃናውም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ጥሩ ማነጻጸሪያ ማን ነው? እዚያው ቀበሌ ያሉ፣ ያንኑ ቀይ አፈር ለአርባና ሃምሳ ዓመት በባዶ እግራቸው ያረሱ፣ እግራቸው ግን ደህና የሆነ አባት ናቸው። እሳቸውን ለማግኘት ጭቃ መርገጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ጥሩ የጥናት ንድፍ ውድ የሚሆነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተሙት ጥናት ይሄን ፈተና በደንብ ተጋፍጦታል። ታማሚዎቹም ጤነኞቹም ከአንድ ሕዝብ፣ ከወላይታ፣ ተወሰዱ፤ 194 ታማሚና 203 ጤነኛ። ዘረመላቸው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ተፈተሸ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ ይመጣል። በተለመደው ጥናት አንድ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ እንቀበለዋለን። ግማሽ ሚሊዮን ነጥብ በዚሁ ሚዛን ብንፈትሽስ? ምንም እውነት ባይኖር እንኳ 25,000 ነጥቦች በዕድል ብቻ «ተገኘን» ይላሉ። ሎተሪ ሲወጣ ሁሌም የሚደርሰው ሰው አለ፤ የደረሰው ሰው ግን ቁጥር የመምረጥ ጥበብ አለው ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ ያሉ የዘርፉ ሰዎች የተስማሙበት መስፈርት በጣም ጥብቅ ነው፦ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከ20 ሚሊዮን አንድ በታች መሆን አለበት። «በ5 በመቶ ሚዛን ጉልህ ሆኖ ተገኘ» የሚል የዘረመል ዜና ካያችሁ፣ ስንት ነጥብ ተፈትሾ እንደሆነ ካልተነገራችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

የ2012ቱ ተመራማሪዎች እዚህም አላቆሙም። ሌላ 202 ቤተሰብ ወሰዱ፤ አባት፣ እናትና የታመመ ልጅ። ይሄኛውን ዘዴ በጣም ነው የምወደው። እያንዳንዱ ወላጅ ከአንድ ዘረመል ሁለት ቅጂ አለው፤ ለልጁ የሚያወርሰው አንዱን ነው፣ የትኛው እንደሚያልፍ ልክ እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው። የታመሙት ልጆች በሙሉ ሲታዩ አንደኛው ቅጂ ከግማሽ በላይ ደጋግሞ ወደ እነሱ አልፎ ከተገኘ፣ ያ ቅጂ ከበሽታው ጋር ጉዳይ አለው። ማነጻጸሪያው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሳይተላለፍ የቀረው ቅጂ ነው። «አካባቢያቸው ስለተለያየ ነው» የሚል ክርክር አያስነሳም።

ውጤቱ ሁለቱንም ፈተና ያለፈው ኤችኤልኤ በሚባለው የዘረመል ክፍል ላይ ነው። ይሄ ክፍል የሰውነታችን መከላከያ የራሱን ከባዕድ ነገር እንዲለይ የሚያግዝ ነው። ለአፈር ቅንጣት የሚቆጣ ሰውነትና የማይቆጣ ሰውነት እንዴት እንደሚለያዩ ሲታሰብ ስሜት ይሰጣል።

ግን ወላይታ ላይ የታየው እኛ ጋስ ይሠራል? ይሄም ተጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ የወጣው ሁለተኛው ጥናት ወላይታን፣ አማራንና ኦሮሞን ያካተተ፣ 1,892 ሰዎች የተሳተፉበት ነው። እንደገና እዚያው ኤችኤልኤ ላይ አረፈ። አንድ ውጤት በሌላ ናሙና ሲደገም ማየት በሳይንስ ከምንም በላይ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ዜና ግን አይሆንም። ዜና የሚሆነው የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። በዚህ ሁለተኛ ጥናት ዋናው ነጥብ ላይ የታየው የዕድል ጭማሪ 1.53 ነው፤ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ። ለማሳየት ያህል፣ በባዶ እግራቸው ከሚኖሩ 100 ሰዎች 3ቱ የሚታመሙ ቢሆን፣ ይሄ ቅጂ ካላቸው 100 ሰዎች 4 ወይም 5 ይታመማሉ እንደማለት ነው። 95ቱ ባዶ እግራቸውንም ሆነው አይታመሙም። እጮኛሽ ደግሞ ጫማ ያደርጋል። ልጆቻችሁም ያደርጋሉ። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገ፣ እግሩን የታጠበ ሰው ምንም ዓይነት ዘረመል ይኑረው፣ ፖዶኮኒዮሲስን አይፈራም። ጋብቻ የሚከለክለው ቤተሰብ ዘረመሉን ሳይሆን አንድ ጥንድ ጫማ ነው ያላሰበው።

እስካሁን ስለ ጥሩው ነበር። መጥፎው ምን ይመስላል?

እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ የተባለው ታላቅ መጽሔት ላይ «100 ዓመት የሚያስኖር ዘረመል» የሚመስል ጥናት ወጣ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜ ጠገቦችን ከሌሎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ዓለም ጉድ አለ። ችግሩ የአዛውንቶቹ ናሙና በከፊል የተነበበው ከማነጻጸሪያዎቹ በተለየ ቺፕ ነበር፤ ያ ቺፕ ደግሞ አንዳንድ ነጥቦችን አሳስቶ ያነባል። ስለዚህ «የዕድሜ ዘረመል» ከተባለው ከፊሉ የማሽን ልዩነት ነበር። በ2011 ጽሑፉ ተመለሰ። እነዚያ ተመራማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ታማሚና ጤነኛ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳህን ላይ፣ ተቀላቅለው መነበብ እንዳለባቸው የሚያስታውስ ንድፍ ነው የጎደለው። እኛ አገር ይሄ ስህተት እንዴት እንደሚፈጠር መገመት አይከብድም። የታማሚዎቹ ደም ጥቅምት ላይ ተቀድቶ ወዲያው ይሠራል፣ የጤነኞቹ ግንቦት ላይ ተቀድቶ መብራት በሄደበት ፍሪጅ ውስጥ ይከርማል። ከዚያ ልዩነቱ የበሽታው ነው ይባላል።

የዱክ ዩኒቨርሲቲው ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። የካንሰር ዕጢ የዘረመል እንቅስቃሴን አይቶ የትኛው ኬሞቴራፒ እንደሚሠራ የሚተነብይ ዘዴ አገኘን ተባለ፣ በሽተኞች ላይ ሙከራ ተጀመረ። ኪት ባገርሊና ኬቪን ኩምስ የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሰዎች ዳታውን ሲመረምሩት የዘረመል ዝርዝሩ በአንድ ረድፍ ተንሸራትቷል፣ አንዳንድ ቦታም «መድኃኒቱ ይሠራለታል» እና «አይሠራለትም» የሚሉት ተገላብጠዋል። አንድ ረድፍ! ኤክሴል ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ሙከራዎቹ በ2010 ሙሉ በሙሉ ተዘጉ፤ እስከዚያ ግን እውነተኛ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ገብተውበታል።

(ኤክሴልን ካነሳን፦ አንዳንድ የዘረመል ስሞች ማርችና ሴፕቴምበር የሚሉትን ወር ስለሚመስሉ ኤክሴል ራሱ ወደ ቀን ይቀይራቸው ነበር። ተመራማሪ ልምዱን አልተወም፣ ኤክሴልም አልታረመም፤ በመጨረሻ በ2020 አካባቢ የዘረመሎቹ ስም ተቀየረ። አትሳቁ፣ እውነት ነው።)

ይሄን ሁሉ የማነሳው በእኛም አገር ዩኒቨርሲቲዎች የዘረመል ምርምር እየተስፋፋ ስለሆነ ነው፤ ደስ ይለኛልም። የማይዋጥልኝ የበጀቱ አከፋፈል ነው። ለኪት ገንዘብ አለ፣ ለማሽን ገንዘብ አለ፣ ለመስክ አበል ገንዘብ አለ። የስታቲስቲክስና የባዮኢንፎርማቲክስ ባለሙያው ግን የሚጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ «እስቲ ፒ ቫልዩ አውጣልን» ተብሎ። ታዋቂው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ገና እ.ኤ.አ. በ1938 ባደረገው ንግግር ሙከራ ካለቀ በኋላ የሚጠራ የስታቲስቲክስ ባለሙያ አስከሬን እንደሚመረምር ሰው ነው ብሎ ነበር፤ ምናልባት በምን እንደሞተ ይነግራችኋል። አስቡት፣ ይሄ የተባለው ኮምፒውተር ሳይኖር ነው። ትንተናውን የሚሠሩት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ የጠፋው ሶፍትዌር ሳይሆን ባለሙያው የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሚቀመጥበት ወንበር ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም የስምምነት ፎርሙን በቀይ እስክሪብቶ ከማረም ባሻገር «ማነጻጸሪያችሁ ማነው? ስንት ነገር ነው የምትፈትሹት? በቅደም ተከተል ምን ልትሠሩ አስባችኋል?» ብለው ቢጠይቁ እላለሁ። ምንም መልስ ሊሰጥ ለማይችል ጥናት ከገበሬ ክንድ ደም መቅዳት ራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ጥሩ ንድፍ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል ካለ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም የተሠራውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የታተመው ሙከራ 696 የዝሆኔ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። 350ው እግር ማጠብን፣ የቆዳ እንክብካቤን፣ ፋሻን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ወዲያው አገኙ፤ 346ቱ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ማንም አልተተወም፣ ተራ ነው የተያዘው። ዕጣው ለምን አስፈለገ? «ከሕክምናው በፊትና በኋላ» ብቻ ቢታይ ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ የመጣውን ለውጥ ሳሙናው ያመጣው ሊመስለን ይችላል። ማን ቀድሞ ይግባ የሚለውን ሰው ቢመርጥ ደግሞ ለጤና ጣቢያ የሚቀርቡትና የሚበረቱት ይቀድማሉ። በዓመቱ መጨረሻ የሚያሠቃየው የእግር መቆጣት፣ ያ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው፣ ቀድመው በጀመሩት ላይ በአማካይ በሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ሲጠብቁ በቆዩት ላይ 23.9 ጊዜ ሆኖ ተገኘ። 19 በመቶ ቅናሽ። «ተአምር» የሚል ርዕስ አያሰጥም። ግን በየወሩ ለሁለት ለሦስት ቀን አልጋ ላይ ለሚውል ገበሬ በዓመት አራት አምስት ጊዜ መቀነሱ የአጨዳ ቀን ነው። ያለ ማነጻጸሪያው ቡድን ይሄን ልከኛ እውነት ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ወይ እናጋንነው ነበር፣ ወይ እንክደው ነበር።

ስለ ደም ናሙና አንድ ነገር ልጨምር። የዝሆኔ ዘረመል ጥናት ከመሠራቱ በፊት ተመራማሪዎቹ በወላይታ ሰዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል፤ ከተነሱት ስጋቶች ዋናው «ጥናቱ በሽታው የዘር ነው የሚለውን ወሬ ያጠነክርብናል» የሚል ነበር። ያ ስጋት ልክ እንደነበር የእኔ ኢንቦክስ ይመሰክራል። ስለዚህ ወደፊት እናንተን ወይም ገጠር ያሉ ወላጆቻችሁን ለዘረመል ጥናት ደም ስጡ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ፣ እንቢ አትበሉ፤ ግን ጠይቁ። ከማን ጋር ነው የምታነጻጽሩኝ? ቁጥራችን ስንት ነው፣ ለምንስ ያ ቁጥር በቂ ሆነ? ስሜ ከናሙናው ላይ ይነሳል ወይ? ውጤቱን ለሰፈራችን መጥታችሁ በምን ቃል ነው የምትነግሩን? መልሱን የሚያውቅ ተመራማሪ በጥያቄው አይከፋም።

ቤታችሁ እግሩ ያበጠ ሰው ካለ ደግሞ የዘረመል ምርመራ አያስፈልገውም፣ የትም ሄዳችሁ ገንዘብ አታውጡ። እብጠት በልብ፣ በኩላሊትም ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። ዝሆኔ ከሆነ እግሩን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በጣቶቹ መሃል ጭምር በደንብ ያድርቅ፣ ቅባት ይቀባ፣ ሲቀመጥ ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፣ ካልሲና እግሩን የማይጨቁን ሽፍን ጫማ ያድርግ። ትኩሳትና ቅላት ከመጣ ቶሎ ወደ ሕክምና። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ፎቶ ግን ኮሜንት ላይ አትለጥፉ፣ ኢንቦክስ ይሁን።